ሚዛናችንን መብረቅ መታው፤ ወደ ፋይበር ሴንሰር ልቀይር ወይስ በስትሬን ጌጁ ልቆይ?

ሚዛን ጠጋኝ
ሐምሌ 3፣ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። የመኪና ሚዛን ስጠግን 19 ዓመቴ ነው። ዛሬ ግን ምክር ፈላጊው እኔ ነኝ።

ቦታው ቆላ ነው። የሰሊጥ መጋዘን ግቢ ውስጥ ያለ፣ 60 ቶን የሚመዝን ሚዛን ነው። መድረኩ 18 ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ባለ 30 ቶን 6 ሎድ ሴል አለው፤ ጭነቱን ተሸክሞ የሚለካው ብረት ማለት ነው፤ ውስጡ ሲለጠጥ ኦሙ የሚለወጥ ስትሬን ጌጅ ተለጥፎበታል። ክብደቱን በቁጥር የሚያሳየው ኢንዲኬተር 40 ሜትር ርቆ ቢሮ ውስጥ ነው።

ባለፈው ክረምት መብረቅ 2 ሴል አቃጠለብን። ቀየርን። ዘንድሮ ሰኔ እንኳ ሳይወጣ ሌላ 3 ሄደ። የተቃጠሉትን ፈትቼ በቴስተር ለካኋቸው። በአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ መካከል 400 ኦም ገደማ ማንበብ ነበረበት፤ ጭራሽ ክፍት ሆኗል። ሌላው ደግሞ ያታልላል። አረንጓዴና ነጩ 350 ኦም፣ ደህና ነው። በሽቦውና በብረቱ መካከል ግን 2 ሜጋኦም ብቻ ነው የሚያሳየው። ጤነኛ ሴል እዚህ ጋ በሺህ የሚቆጠር ሜጋኦም ነው።

የመጋዘኑ ባለቤት ልጁ ውጭ አገር ይማራል። በብርሃን የሚሠራ፣ መብረቅ የማይነካው ሴንሰር አለ ብሎታል። ባለቤቱም «ሁሉንም ንቀልና እሱን አስገባልኝ» ብሎኛል። ገንዘቡን ለማውጣት ቆርጧል። እኔ ግን የማላውቀውን ነገር በሰው ገንዘብ መሞከር አልፈልግም። ሰሊጡ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ይገባል። እስከዚያ መወሰን አለብኝ። የምታውቁ እርዱኝ።

ባለ ፋይበር
ሐምሌ 3፣ ማታ 3፡50

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በዚሁ ነው፤ ዛሬም እንጀራዬ እሱ ነው።

ባለቤቱ የሰማው ብራግ ግሬቲንግ የሚባለውን ሳይሆን አይቀርም። ፋይበሩ የፀጉር ያህል ቀጭን መስታወት ነው፤ ውፍረቱ 125 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ)። ብርሃን የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ነው። እዚያ መሃሉ ላይ በአልትራቫዮሌት ጨረር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ መስመሮች ይጻፋሉ። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት ከግማሽ ማይክሮን ትንሽ ይበልጣል። ብርሃን ስትልክበት ሌላውን ሁሉ አሳልፎ አንዲት የሞገድ ርዝመት ብቻ ይመልስልሃል፤ ለምሳሌ 1550 ናኖሜትር። ክሩ ሲለጠጥ ጥርሶቹ ይራራቃሉ። የሚመለሰው ሞገድም ይረዝማል። ያቺን ለውጥ የሚያነበው መሣሪያ ኢንተሮጌተር ይባላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ኬን ሂልና ባልደረቦቹ ብርሃን የፋይበሩን መስታወት በቋሚነት እንደሚለውጠው አዩ። በ1989 ደግሞ ሜልትዝ፣ ሞሪና ግሌን አሜሪካ ውስጥ ከጎን በኩል መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ነው ሥራ ላይ የዋለው።

አንተን የሚመለከትህ ይሄ ነው። ሴንሰሩ ላይ ኤሌክትሪክ የለም። መስታወት መብረቅ አያስተላልፍም። እርጥበት ገብቶ ኢንሱሌሽኑ (ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው) ወረደ የሚባል ነገር የለም። 40 ሜትር ቀርቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ንባቡ አይደክምም። እኔ ብሆን እቀይር ነበር።

የላብ ሰው
ሐምሌ 4፣ ጠዋት 3፡40

ባለ ፋይበር፣ ያልከው ፊዚክስ አንድም አልተሳሳተም። ለዚህ ሚዛን ግን አይመከርም። ቁጥሩን አብረን እንየው።

አንዱ ሎድ ሴል ሙሉ ጭነቱን ሲሸከም በ1 ቮልት 2 ሚሊቮልት ይሰጣል። ኢንዲኬተሩ 5 ቮልት ቢልክለት 10 ሚሊቮልት ይመለሳል። ስድስቱ ሴሎች አንድ ላይ 180 ቶን የመሸከም አቅም አላቸው። ሚዛኑ በ20 በ20 ኪሎ ነው የሚቆጥረው ብዬ ልውሰድ፤ የዚህ መጠን ሚዛን አብዛኛው እንደዚያ ነው። 20 ኪሎ እንግዲህ 1.1 ማይክሮቮልት ትሆናለች። ትንሽ ናት። ግን ደህና ኢንዲኬተር ሳይጨነቅ ያነባታል።

አሁን ያንኑ ብረት በፋይበር እንለካው። ሙሉ ጭነት ሲያርፍበት 1000 ማይክሮስትሬን ገደማ ይለጠጣል። አንድ ማይክሮስትሬን ማለት አንድ ሜትር ብረት በ1 ማይክሮን ሲረዝም ነው። የኛ 20 ኪሎ 0.11 ማይክሮስትሬን ትሆናለች። ፋይበሩ የሚመልሰው ሞገድ በአንድ ማይክሮስትሬን 1.2 ፒኮሜትር (የናኖሜትር አንድ ሺህኛ) ነው የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ 0.13 ፒኮሜትር ማንበብ አለብህ። የተለመደው ኢንተሮጌተር የሚለየው 1 ፒኮሜትር ገደማ ነው። እዚህ ሚዛን ላይ 1 ፒኮሜትር 150 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል ተኩል ሰሊጥ።

ሙቀቱ ደግሞ የባሰ ነው። ባዶ ፋይበር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ፒኮሜትር ይሄዳል፤ 15 ኩንታል ማለት ነው። ብረት ላይ ሲለጠፍ ብረቱም በሙቀት ስለሚሰፋ ከ20 ፒኮሜትር ያልፋል። 30 ኩንታል። ቆላ ነው አልክ። ጠዋትና ቀትር ስንት ዲግሪ እንደሚለያዩ አንተ ታውቀዋለህ።

ስትሬን ጌጁ ይህን ችግር ገና ሲሠራ ነው የፈታው። ሎድ ሴሉ ውስጥ ጌጆቹ አራት ሆነው በዊትስቶን ብሪጅ፣ ማለትም እንደ አራት ማዕዘን ጎኖች ተያይዘው፣ ይታሰራሉ። ሁለቱ ሲለጠጡ ሁለቱ ይጨመቃሉ። ሙቀት ሲመጣ ግን አራቱም እኩል ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ይጣፋል። ጌጁ ራሱም ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም መስፋት ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ይሠራል። ይህ ሁሉ ከ80 ዓመት በላይ የተለፋበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲመንስ፣ አሜሪካ ባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ውስጥ ደግሞ ሩጅ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ ቀጭን ሽቦ በሙጫ ለጥፈው ጀመሩት። ሩጅ የውኃ ታንከር ሞዴል በመሬት መንቀጥቀጥ ምን ያህል እንደሚጨነቅ መለካት ፈልጎ ነበር። ዛሬ ባለ ሱቅ ዘንድ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን አብዛኛው የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ባለ ፋይበር
ሐምሌ 4፣ ቀን 7፡05

የላብ ሰው፣ ስሌቱን ተቀብያለሁ። ማታ ቸኩያለሁ፤ የሚዛኑን ክፍልፋይ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ፋይበርም ልክ እንደ ብሪጁ ጥንድ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። አንዱን ግሬቲንግ የሚለጠጠው ፊት ላይ፣ ሌላውን የሚጨመቀው ፊት ላይ ትለጥፋለህ። ልዩነታቸውን ስትወስድ ሙቀቱ አብዛኛው ይወጣል፤ ምልክቱም እጥፍ ይሆናል። ቀስ ብለህ ብዙ ንባብ ወስደህ አማካዩን ካወጣህ ከ1 ፒኮሜትር በታች ማየት ይቻላል። መኪና ቆሞ ስለሚመዘን ጊዜው አለ።

ይሁንና ለንግድ የሚውል ሚዛን እየተመረመረ ማኅተም የሚደረግበት ነገር ነው። በዚህ ደረጃ የተፈተነ፣ ወዲያው ገዝተህ የምትገጥመው የፋይበር ሎድ ሴል ማግኘት ቀላል አይደለም። ኢንተሮጌተሩ ብቻውን ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ለ6 ነጥብ ያን ያህል ማውጣት አያዋጣም። ለ100 ነጥብ ቢሆን ሌላ እናወራ ነበር።

የድልድይ ልጅ
ሐምሌ 4፣ ማታ 4፡30

ሰላም ከጀርመን። ድልድዮች ላይ ሴንሰር እየገጠምኩ ነው የምኖረው። ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ለአንዱ ወግኜ መከራከር አልወድም፤ ቦታው ነው የሚወስነው። ፋይበር የሚያሸንፍበትን ቦታ ግን ልንገራችሁ፤ ባለቤቱም ልጁ የነገረው ከንቱ እንዳይመስለው።

የባቡር ድልድይ ነበር። እዚህ የባቡሩ ኤሌክትሪክ 15 ሺህ ቮልት፣ 16.7 ኸርዝ ነው። የለጠፍናቸው ጌጆች 60 ሜትር ገመድ ነበራቸው። ባቡር ሳይኖር ንባቡ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ባቡር ሲደርስ፣ ልክ መለካት በምንፈልግበት ሰዓት፣ ያ 16.7 ኸርዝ እንደ ሞገድ ይገባበታል። ገመዱን በሺልድ፣ ማለትም ጣልቃ ገብ ሞገድን በሚከላከል የብረት መሸፈኛ፣ ሸፈንን። ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ አሰርን። ጣልቃ ገብ ሞገድን የሚያጣራ፣ ካሪየር ፍሪኩዌንሲ ያለው አምፕሊፋየር አስገባን። ቀነሰ፤ አልጠፋም። ጎኑ ላይ በፋይበር የለካነው ግን ባቡሩ ሲያልፍ የእያንዳንዱን ጎማ ክብደት ለየብቻ አሳየን። ጥርት ያለ፣ እንደ ተራራ ሰንሰለት የተደረደረ። ያን ቀን መሣሪያው ፊት ቆሜ ብዙ አየሁት።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። አንድ ጌጅ ቢያንስ 3 ሽቦ ይፈልጋል። 16 ጌጅ 48 ሽቦ ነው። ፋይበር ላይ እያንዳንዱ ግሬቲንግ የራሱ ሞገድ ስላለው በአንድ ክር ይደረደራሉ። ለእያንዳንዱ 2.5 ናኖሜትር ብትሰጠው በ40 ናኖሜትር ውስጥ 16 ይገባል። አንድ ክር፣ 16 ነጥብ። ረጅም ድልድይ ላይ ይህ የሰው ጉልበትም ገንዘብም ነው። ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ቤዲንግተን ትሬይል የሚባለው ድልድይ ገና እ.ኤ.አ. በ1993 ነው ግሬቲንግ የገባበት።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ባቡርም 25 ሺህ ቮልት ነው። ነገ ሐዲዱ ላይ የፉርጎ ክብደት ልለካ የሚል ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የማስበው ፋይበርን ነው።

ለሰሊጥ ሚዛን ግን ከላብ ሰው ጋር ነኝ።

ገመድ ዘርጊ
ሐምሌ 5፣ ጠዋት 1፡20

እኔ የቴሌኮም ፋይበር ነው የምዘረጋው። በክብደት አላውቅም። ግን ስለ ክሩ ራሱ ማንም ስላላነሳ ልናገር።

ፋይበር ጠንካራ ነው፤ ጫፉ ግን ስስ ነው። ኮኔክተሩ ላይ ያረፈች አንድ የአቧራ ቅንጣት መሃሉን ልትሸፍን ትችላለች፤ 9 ማይክሮን እኮ ነው። የሰሊጥ መጋዘን ጫፍ እስከ ጫፍ አቧራ ነው። በነቀላችሁት ቁጥር ማጽዳት አለባችሁ። እንዲህ ላለ ሴንሰር አረንጓዴው ኮኔክተር ነው የሚሆነው፤ ጫፉ 8 ዲግሪ ያጋደለው። ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር የሚገጥም ሰው በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ይገባል፤ ግን አይሠራም፤ ጫፉንም ያበላሻል።

ደግሞ አይጥ ይበላዋል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ሲበጠስ ስፕላይስ ማድረጊያ (የተበጠሰውን ክር መልሶ የሚያያይዝ) ማሽን ያለው ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ጋ ቅርብ ከተማ ላይ ማን አለ? ይህን ሳታውቁ አትግዙ።

ተማሪው
ሐምሌ 5፣ ማታ 1፡10

ይቅርታ፣ ውይይቱን ላስተጓጉል አልፈልግም፤ ግን ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ሲቪል አምስተኛ ዓመት ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በብረት ምሰሶ ላይ ኃይል መለካት ነው። ምሰሶውን ከሁለቱም ጫፍ አስደግፌ መሃሉን እጫነዋለሁ። አንዱ ጎን ጌጅ፣ ሌላው ጎን ፋይበር ለጠፍኩ። በስሌት 400 ማይክሮስትሬን መምጣት አለበት። ጌጁ 392 አለኝ። ፋይበሩ 310። የቱን ልመን? በዚያ ላይ የጌጁ ዜሮ ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል። አማካሪዬ የመስክ ሥራ ላይ ናቸው።

የላብ ሰው
ሐምሌ 5፣ ማታ 3፡25

ልጄ፣ ይህ ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነው፤ አላስተጓጎልክም።

ጌጅም ፋይበርም ኃይል አይለኩም። ኃይሉን የሚሸከመው ብረቱ ነው። እነሱ የሚናገሩት የተለጠፉበት ቦታ ስንት እንደተለጠጠ ብቻ ነው። ብረቱና ሴንሰሩ መሃል ደግሞ ሙጫ አለ። ሙጫው ከከዳ ሁሉም ከዳ።

ፋይበርህን ስትለጥፍ የላይኛውን ሽፋን አንስተሃል? የቴሌኮም ፋይበር አብዛኛው አክሪሌት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ጋር ውፍረቱ 250 ማይክሮን ነው። ሽፋኑ እንደ ላስቲክ ነው። ብረቱ ሲለጠጥ ሽፋኑ ይሸሻል፤ መስታወቱ ጋ ሙሉው አይደርስም። የጠፋብህ 90 እዚያ ይመስለኛል። ፖሊኢማይድ የሚባል ጠንከር ያለ ሽፋን ያለው ብታገኝ ጥሩ ነው። ካጣህ ግሬቲንጉ ያለበትን ቦታና ግራ ቀኙን ትንሽ ሽፋኑን አንሳና በኤፖክሲ ለጥፍ። ሲራቆት በቀላሉ ይሰበራል፤ እስትንፋስህን ይዘህ ሥራው።

ጌጁስ? እንዴት ለጠፍከው? እኔ የምሠራበትን ልንገርህ። ብረቱን በአሸዋ ወረቀት እፈገፍጋለሁ፤ መጀመሪያ ሻካራ፣ ከዚያ ለስላሳ። በአልኮል እጠርገዋለሁ። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፤ ወደኋላ ከመለስከው ቆሻሻውን መልሰህ ትቀባዋለህ። ጌጁን በእጅ አልነካውም፤ በፕላስተር ነው የማነሳው። ሙጫዋን አንዲት ጠብታ። ከዚያ አውራ ጣቴን አሳርፌ አንድ ደቂቃ እጫናለሁ። የጣት ሙቀት ሙጫውን ያግዘዋል። ፕላስተሩን ስገነጥል ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ አልጎትተውም፤ ወደኋላ አጥፌ ነው የምልጠው።

ዜሮው የሚሄደው ደግሞ በሁለት ሽቦ አገናኝተኸው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጌጁ 120 ኦም ከሆነና ሽቦዎችህ ተደምረው 1 ኦም ካላቸው፣ ሽቦው በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ብቻ 16 ማይክሮስትሬን የሌለ ነገር ያሳይሃል። መዳብ በዲግሪ 0.39 በመቶ ስለሚለወጥ ነው። ሦስተኛ ሽቦ ጨምር። ሙቀቱ በብሪጁ በሁለቱም ክንድ እኩል ይገባና ይጣፋል።

ተማሪው
ሐምሌ 5፣ ማታ 3፡40

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። በሁለት ሽቦ ነው። ሽፋኑንም አላነሳሁም። ነገ እጀምራለሁ።

ኧርዝ ይቅደም
ሐምሌ 6፣ ጠዋት 4፡00

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። እህታችሁን ስሙኝ፤ ሁላችሁም ስለ ሴንሰሩ ታወራላችሁ። የተቃጠለው ሴንሰሩ ስለሆነ ነው። ያቃጠለውን ግን ማንም አልፈለገም።

ሚዛን ጠጋኝ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሴል ከተቃጠለ ጥፋቱ የሴሉ አይመስለኝም። መብረቅ ሴሉን ቀጥታ አይመታውም። ጎኑ ያለ ዛፍ ወይም ምሰሶ ይመታል። ከዚያ የመሬቱ ራሱ ቮልቴጅ ይነሳል። መካከለኛ የሚባል መብረቅ 30 ሺህ አምፔር ገደማ ነው። ጅረቱን ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዝ ዘንግህ 5 ኦም ቢሆን፣ ያ ሁሉ በእሱ ቢወርድ፣ ዘንጉ በዚያች ቅጽበት 150 ሺህ ቮልት ላይ ነው። መድረኩ አንድ ዘንግ፣ ቢሮው ሌላ ዘንግ ካላቸው አንዱ ከፍ ብሎ ሌላው ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ምንድን ነው? ያ የ40 ሜትር ገመድህ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ሴሉ።

ሦስት ነገር አጣራልኝ። የመድረኩና የቢሮው ኧርዝ በወፍራም መዳብ ተገናኝቷል? እያንዳንዱ ሴል ጎን መድረኩን ከመሠረቱ የሚያገናኝ የመዳብ ጥልፍ ማሰሪያ አለ? መድረኩ ላይ ብየዳ ተሠርቶ ያውቃል?

ሚዛን ጠጋኝ
ሐምሌ 9፣ ማታ 2፡40

እህቴ፣ ጥያቄሽ ራሴን አስያዘኝ። ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ዋልኩ።

ማሰሪያዎቹ ከ6ቱ 2 ብቻ ናቸው ያሉት። የቀሩት በመፍጫ ተቆርጠዋል። ጠባቂውን ጠየቅሁት። ከሁለት ዓመት በፊት የመድረኩ ብረት ተሰንጥቆ በያጅ መጥቶ ነበር። ማሰሪያዎቹ እንቅፋት ሆነውበት ቆርጦ ጣላቸው። የብየዳውን ኧርዝ ደግሞ ከአጥሩ ብረት ነበር ያሰረው። ጅረቱ በሴሎቹ አልፏል ማለት ነው። ያኔ እኔ አልተጠራሁም።

ኧርዙም ሁለት ነው። ቢሮው የራሱ፣ መድረኩ የራሱ። አልተገናኙም። ለካሁ፤ የመድረኩ 22 ኦም።

እኔ ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ሴል ስፈታ ይህን ማየት ነበረብኝ። ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ እንደዚያው ብዬ ነገርኩት።

ኧርዝ ይቅደም
ሐምሌ 9፣ ማታ 3፡05

ሄደህ መናገርህ ትልቅ ነገር ነው። 22 ኦም ብዙ ነው። ዘንግ ጨምር፤ በዘንጎቹ መካከል ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ርቀት ይኑር። ቁጥሩ ራሱ ግን ሁለተኛ ነው። ዋናው ሁሉም አንድ ላይ መታሰራቸው ነው። አብረው ከተነሱ በመካከላቸው ልዩነት አይኖርም። ማሰሪያውን ሴሉ ጎን አድርገው፤ አጭርና ወፍራም። ጅረቱ ቀላሉን መንገድ ስታሳየው ሴሉን ይተወዋል።

ከእንግዲህ ብየዳ ካለ የብየዳው ኧርዝ ከሚበየደው ብረት አጠገብ ይታሰር። ከተቻለ ሴሉን አውጥታችሁ።

ባለ ፋይበር
ሐምሌ 10፣ ጠዋት 2፡30

አሁን ሳስበው ለባለቤቱ ፋይበር የምትሰጥበት ሌላ መንገድ አለ። ፋይበሩን ሴንሰር አታድርገው። ገመድ አድርገው።

ስትሬን ጌጅ ሎድ ሴሎቹ ይቀመጡ። የሴሎቹ ሽቦ የሚገናኝበት ጃንክሽን ቦክስ አጠገብ ምልክቱን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ሳጥን አስገባ። ከዚያ እስከ ቢሮው 40 ሜትሩን ተራ የኮሙኒኬሽን ፋይበር ዘርጋ፤ ርካሽ ነው። መድረኩና ቢሮው መካከል ከኧርዙ ማገናኛ ሌላ መዳብ አይኖርም። መብረቁ የሚሄድበት ድልድይ ተቆረጠ ማለት ነው። ግን ሳጥኑ መብራት ይፈልጋል። መብራቱን ከቢሮ በሽቦ ከወሰድከው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ትንሽ ሶላርና ባትሪ እዚያው መድረኩ ጋ አቁም።

የድልድይ ልጅ
ሐምሌ 10፣ ጠዋት 5፡15

ይህን እደግፋለሁ። እኔም ብዙ ጊዜ የማደርገው ይኸው ነው። ጌጁን ቅርብ አንብበው፤ ርቀቱን በብርሃን ሂድ።

ገመድ ዘርጊ
ሐምሌ 10፣ ማታ 12፡50

ለ40 ሜትር ጫፉ ፋብሪካ ላይ የተሠራለትን ፓች ኮርድ ግዛ፤ ስፕላይስ አያስፈልግህም። ባለ ብረት ሽፋኑን አትግዛ፤ አይጥን ይከለክልልሃል፣ መብረቁን ግን ያሳልፍብሃል። ብረት የሌለውን ገዝተህ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ክተተው። የቱቦውን ጫፎች ድፈን። ሁለት ክር ዘርጋ፤ አንዱ መጠባበቂያ ይሁን።

ተማሪው
ሐምሌ 18፣ ማታ 2፡00

ፋይበሩን ሽፋኑን አንስቼ ደግሜ ለጠፍኩት። ሁለቱ ተሰብረውብኛል፤ ሦስተኛው ቆመ። አሁን 388 ያነባል። ጌጁ በሦስት ሽቦ 394። የጠዋትና የከሰዓት ዜሮ ልዩነት 4 ማይክሮስትሬን ብቻ ነው። ለፋይበሩ ደግሞ ከጎኑ ያልተለጠፈ፣ ሙቀት ብቻ የሚያነብ ግሬቲንግ አስቀመጥኩለት።

አማካሪዬ ተመልሰው ሲያዩት «ለምን ሁለቱን አብረህ አትጽፈውም?» አሉኝ። ርዕሴን ቀየርኩ።

የላብ ሰው
ሐምሌ 18፣ ማታ 3፡15

ደስ ብሎኛል ልጄ። ያ ያልተለጠፈው ግሬቲንግ የብረቱን መስፋት እንደማያይ አትርሳ። እሱ በዲግሪ 10 ፒኮሜትር ሲሄድ የተለጠፈው ከ20 በላይ ይሄዳል። ዝም ብለህ አንዱን ከሌላው አትቀንስ። ጭነት የሌለው ተመሳሳይ ብረት ላይ ለጥፈው፤ ያኔ መቀነሱ ትክክል ይሆናል።

ሚዛን ጠጋኝ
ነሐሴ 20፣ ማታ 1፡30

ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

አራት ዘንግ ጨመርኩ። የመድረኩ ኧርዝ ከ22 ወደ 4 ኦም ወረደ። የቢሮውን በመዳብ አገናኘሁት። ስድስቱም ሴል ጎን ማሰሪያ ገባ። ሦስት አዲስ ሴል ገጠምኩ፤ የሌሎቹን ኢንሱሌሽን በ50 ቮልት ለካሁ፣ ደህና ናቸው። ዲጂታል ሳጥኑ፣ ሶላሩና ፋይበሩም ተዘርግተዋል። ለባለቤቱ የፋይበሩን ጫፍ አሳየሁት። «ብርሃኑ ይኸው» አልኩት። ዓይኑን ወደ ጫፉ ሲያስጠጋ ግን ከለከልኩት፤ የማይታይ ብርሃንም ዓይን ይጎዳል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ከባድ ዝናብ መጣ። በሁለተኛው አጥሩ ማዶ ያለውን ዋርካ መታው፤ ቅርንጫፉ ተሰንጥቆ ወድቋል። በነጋታው ማለዳ ሄጄ ስድስቱንም ሴል አንድ በአንድ ለካሁ። ሁሉም 350፣ ሁሉም ከሺህ ሜጋኦም በላይ።

ዛሬ ካሊብሬት አደረግን። መድረኩ ላይ 20 ቶን የመለኪያ ክብደት ነበር። በላዩ አንድ ባለ 20 ኪሎ ራሴ ተሸክሜ ወጣሁና አስቀምጬ ወረድኩ። ቢሮ የሚሠራው ልጅ በስልክ አነበበልኝ። 20 ሺህ 20።